የደረቀው ቧንቧ መዝሙር

መምህር ወንዳወቅ ቀኝ እጁን አንስቶ፣ «አንዲት ቃል ብጨምር ማርያም ትፍረድብኝ!» ብሎ ማለ። በማረፊያ ክፍሉ የነበሩት መምህራን ሻያቸውን አስቀመጡ። እሱ እንደተረከው ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን የጤና ፕሮግራም ልትገመግም ከፍኖተ ሰላም በመጣችው ባለሙያ ፊት፣ ልጆቹ ከደረቀው ቧንቧ ሥር ተሰልፈው የእጅ መታጠብ መዝሙር እየዘመሩ ባዶ መዳፋቸውን አሹ። አቧራው ቦነነ። እሷም «ጎበዞች!» ብላ አጨበጨበች።

ያኔ የወንዳወቅ ደም ፈላ። «በቃ!» ብሎ ሲያገሳ ድምፁ ቡሬ ከተማ ድረስ ተሰምቶ እዚያ የተጠመደ በሬ ቀንበሩን ሰብሮ በረገገ። «የኔ እመቤት፣ ልጅ በመዝሙር ይጸዳል? ግማሹ ሆዱን ታሞ ተኝቷል! ውሃ የላቸውም ብለሽ ካልጻፍሽ ከዚህ ግቢ አትወጭም!» ባለሙያዋ እንደ ቄጠማ ራደች፤ እንባዋን እየጠረገች ጻፈች።

«ታዲያ ውሃው መቼ ይገባል?» አለ አንዱ መምህር።

«አይገባም» አለች ያን ቀን ከወንዳወቅ አጠገብ ቆማ የነበረችው መምህርት ያምሮት። ወደ ወንዳወቅ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እሷማ ‹ውሃ አላችሁ ወይ?› ብላ ጠይቃን ነበር። ‹ዛሬ ብቻ ነው የተቋረጠው› ብለው የሸኟት እርስዎ ነዎት።»