ሦስት ምት፣ ከዚያ ሁለት

የቀኖቹን ቅደም ተከተል ላዛባ እችላለሁ፤ ያኔ ማስታወሻ አልያዝኩም። የተባባሉትን ግን እንደሰማሁት ለማስፈር ሞክሬያለሁ።

ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጯሂ ሮክ የሚጫወተው ባንድ ሦስት ሰዎች ነበሩት፦ ከበሮ መቺ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋችና ጊታር እየመታ የሚዘፍን ዘፋኝ፤ ቀረጻው የእኔ ሥራ ነበር። ስቱዲዮው ከመሬት በታች ያለ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ይህ አልበም ካልተሳካ ባንዱ ይበተናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን አንድ ታሪክ እንዲሆን ተስማሙ፦ በተደረመሰ ፎቅ ሥር የተቀበረ ሰው ታሪክ። ሐሳቡ የከበሮ መቺው ነው። ሕጉን ያወጣው ግን ቤዝ ተጫዋቹ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው፣ በዕድሜ ትልቁ ነው። ጠዋት ጠዋት ታሪኩን በየተራ ይቀጥላሉ፤ የተነገረ አይሰረዝም፤ ከዚያ ይቀረጻል። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ጋሼ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ያኔ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

ከበሮ መቺው ሁልጊዜ ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። ሲተርክ የማያውቀው የለም፦ ሰውዬው ከቧንቧ ላይ ጠብታ እንደላሰ፣ ቧንቧውን በማንኪያ እንዳንኳኳ፤ ሦስት ምት፣ ከዚያ ሁለት። ምቱን ያሰማን ጫፏ በተቆለመመች ማንኪያ ነበር።

«ከማን ኩሽና አንስተህ ነው?» አለው ዘፋኙ።

«የወንድሜ ናት።»

በሻይ ሰዓት ዘፋኙ ጠጋ ብሎኝ፣ «ይሄ ልጅ ተቀብሮ ያውቃል፤ እመነኝ። ከበር ሲርቅ አይተኸዋል?» አለኝ። እኔም አመንኩት።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ጋሼ ጠየቀ።

«ስንት ቀን አንኳኳ?»

«ዘጠኝ።»

«አምስት አድርገው።»

«ለምን?»

«ይበዛል። ሰሚ ይሰለቻል።»

«የተነገረ አይሰረዝም ጋሼ። የራስህ ሕግ ነው።»

ጋሼ ቤዙን አስቀምጦ ተነሳ። «እስቲ አሳልፈኝ፣ አየር ልውሰድ።»

ከበሮ መቺው ከወንበሩ አልተነቃነቀም። «እንጨርስና።»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ለአንድ ቁጥር!» ብሎ ዘፋኙ ሳቀ። የሳቀለት የለም።

ጋሼ ወደ ቦታው ተመለሰ። እጁን ለማንሳት ሞከረ፤ ከትከሻው አላለፈም። ከበሮ መቺው ወንበሩን ሳይለቅ፣ የበሩን ብረት በማንኪያዋ መምታት ጀመረ። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ዘጠኝ ጊዜ።

በማግስቱ ጋሼ አልመጣም። ስልኩንም አላነሳም።

ከዓመት በኋላ፣ በተደረመሰ ፎቅ ሥር የቀረው የከበሮ መቺው ወንድም እንደነበር ሰምቼ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቆዩ ጋዜጦችን አገላበጥኩ፦ ፎቁ በተደረመሰ በስድስተኛው ቀን፣ «ከሥር ምንም ድምፅ የለም» ተብሎ ቁፋሮው በቆመበት ዕለት በወጣው ፎቶ ላይ፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ቆብ አድርጎ፣ ሰዉ ጸጥ እንዲል ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳው ጋሼ ነው።