በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

«ቤቴን አፍርሰህ ልጄን የት ልታኖራት ነው?» ይላሉ እማማ፣ የመኪናዬን በር በአንድ እጃቸው ይዘው።

«አይፈርስም፣ እማማ።»

«ምን አልክ?»

«አይፈርስም አልኩ።»

«ልጄን ስትጠይቀኝም እንዲሁ ነበር። ከንፈርህን አይቼ ነው የገባኝ።»

ከኋላቸው የቆመችው ልጃቸው ሳቋን በመዳፏ ትሸፍናለች። እጮኛዬ ናት ለማለት ገና ነው፤ እናቷ «አስብበታለሁ» ካሉ ቆይተዋል። ዛሬ ግድግዳቸው ከተሰነጠቀ ማሰባቸውም እዚያው ያበቃል።

መኪናዬ ጭነት አይጭንም። ሆዱ ሥር ያለውን ሰፊ ብረት መሬት ላይ አሳርፎ ምድርን ያንቀጠቅጣል። ንዝረቱ ቁልቁል ወርዶ ከማዕድኑ ጋር ሲጋጭ፣ ከፊሉ ነጥሮ ይመለሳል። በመንገዱ ዳር የተከልናቸው መስሚያዎች ይቀበሉታል። ከተማው የሚተዳደርበት መዳብ ከላይ ተሟጧል፤ ወደ ታች ይቀጥል እንደሆነ የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው። ይቀጥላል ብለን የምንጠረጥረው ደግሞ ልክ በእማማ ደጅ በኩል ነው። እዚህ ሳንሠራ ካለፍን የምድር ውስጡ ሥዕል መሀሉ ላይ ባዶ ይሆናል።

ሬዲዮው ይንጫጫል። መዝጋቢው ነው፤ ከመንገዱ ማዶ በቆመችው መኪና ውስጥ ስክሪን ላይ ተተክሎ የሚውለው።

«ሹክሹክታ፣ አማትህ ፈቀዱ ወይስ እንለፍ?»

ሹክሹክታ ሥራ ቦታ ያወጡልኝ ስም ነው።

«አማት ያለው ማነው?» ይላሉ እማማ።

ወርጄ ወደ ቤት አስገባቸዋለሁ። ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ የሚወርድ የቆየ ስንጥቅ አለ። ትናንት በላዩ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አጋድሜ፣ ሁለቱን ጫፎች ከግድግዳው ጋር አጣብቄያለሁ።

«ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢላቀቅ መጀመሪያ የሚሰበረው ይሄ ነው። ያኔ ወዲያው አቆማለሁ።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ አያለሁ» ትላለች ልጅቷ።

«አንቺማ ቢደቅም ደህና ነው ትያለሽ።» ወንበራቸውን ጎትተው ከስንጥቁ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ይሰጡታል። «ይኸው። አንቀጥቅጠኝ እስቲ።»

ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ። «ጉልበቱን ዝቅ አድርጌ ደጋግሜ ነው የምሠራው» እላለሁ በሬዲዮ።

«ምሳችንን ልታስረሳን ነው በለኛ» ይላል መዝጋቢው። «በል እሺ፣ እንደ ልማድህ።»

ሰው ፊት የት እንደማሳርፈው የሚጠፋኝ እጄ እዚህ ላይ ቦታውን ያውቃል። ብረቱን አወርዳለሁ። በወፍራም ጉርምርምታ ይጀምርና እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ያበቃል። ልጅቷ በመስኮቱ እጇን ታነሣለች፤ መስታወቱ ደህና ነው። እደግማለሁ። እጇን ታነሣለች። እንዲህ ያለ ለስላሳ ንዝረት ከጥልቁ ሲመለስ ብቻውን ከነፋስ ድምፅ አይለይም። ሲደማመር ግን ነፋሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ከታች የመጣው ይጎላል። ይህን ስለማውቅ አልቸኩልም።

መዝጋቢው ቀልዱን ካቆመ ቆይቷል። «አንዴ ጨምር» ይላል። እጨምራለሁ።

«መጣ» ይላል ቀስ ብሎ። «ከታች አንድ መስመር መጣ። እያዘቀዘቀ በቤቱ ሥር ያልፋል። ሹክሹክታ፣ ቀጥሏል እኮ።»

መሪውን በመዳፌ መታ መታ አድርጌ ቀና እላለሁ። መስኮቱ ላይ የተነሣ እጅ የለም።

ሞተሩን አጥፍቼ እዘላለሁ። ደጁን ስገፋ ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

እማማ አንገታቸውን አዘንብለው ግድግዳው ላይ ተኝተዋል። ከትከሻቸው በላይ መስታወቱ ሙሉ ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትጨነቅ ነው ያደረችው» ትለኛለች በጆሮዬ።

ወገቤ ላይ ያለው ሬዲዮ መጮህ ሲጀምር ድምፁን እቀንሰዋለሁ። በእግር ጣቶቼ ወደ ኋላ እላለሁ።

«ጨረስክ?» ይላሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አዎ» እላለሁ፤ ለራሴ እንኳ በደንብ አይሰማኝም።

«ሰማሁህ» ይላሉ፣ ጀርባቸውንም ከግድግዳው አያነሡም።