የታች ሰፈር ጥሩምባ

ልጄ ቆንጅት ሞታለች። አራት ዓመቷ ነበር።

ጊዜው ጥቅምት 1963 ዓ.ም. ነው... ሸዋ ሮቢት።

እኔ የታች ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። የላይ ሰፈሩ ጋሼ ወርቁ ናቸው።

ሁለቱን ሰፈር የሚለየው የደሴ መንገድ ብቻ ነው። ፉክክሩ ግን ለጉድ ነው።

እነሱ ድንኳን ሲገዙ እኛ ሰፋ ያለ እንገዛለን። እኛ ሃያ አግዳሚ ስናሠራ እነሱ ሃያ አንድ ያሠራሉ።

በጥሩምባ ግን አይደርሱብንም። የእኛው ናስ ነው። የጋሼ ወርቁ ከዘይት ቆርቆሮ የተበየደ ነው።

"ያንተ ጥሩምባ የሞተውን ይቀሰቅሳል" ይሉኛል መንገድ ላይ ሲያገኙኝ።

"የእርስዎ ደግሞ ፍየል ይጠራል" እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ... ከዚያ ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን ለቆንጅት ሰጥተው ያስነፏታል።

እቤት ስንገባ የእድሩን ካልነፋሁ ብላ ታለቅሳለች። ከመደቡ በላይ ሚስማር ላይ ነው የምሰቅለው።

"ይኼ የትልቅ ሰው ነው" አልኳት አንድ ቀን። "ትንሹ ጥሩምባ ሲወለድ ያንቺ ይሆናል።"

"መቼ ነው የሚወለደው?"

"ይደርሳል" አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ወርቁ ለቆንጅት ፓፓያ ይዘው መጡ። ባለቤቴ ብርሃኔ ጓዳ ውስጥ ዶሮ እያስታቀፈች ስለነበር የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ትንሽ ተጫውተን ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሚስማሩን ሳየው... ባዶ ነው።

ቤቱን አገላብጠን ፈለግን። የለም።

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ።

"ቤትህ ማን ገብቶ ነበር?" አሉኝ ሰብሳቢው ጋሼ ገሠሠ።

"ጋሼ ወርቁ ብቻ።"

ሌላ የጠየቀኝ የለም። ጥሩምባው እስኪመለስ ድረስ ላይ ሰፈር ለቅሶ እንዳንደርስ፣ ቀብር እንዳንወጣ ተባለ።

"የሚደግፍ እጁን ያውጣ።"

መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ወርቁ ወፍጮ ቤት በር ላይ ጠበቁኝ።

"ታከለ... እውነት እኔ የወሰድኩት ይመስልሃል?"

"ጥሩምባ እግር የለውም ጋሼ" አልኳቸው።

ያን ቀን አልሳቁም።

ጥሩምባው በጠፋ በዘጠነኛው ቀን ቆርቆሮው ጮኸ። የሞቱት እትዬ ብዙነሽ ናቸው... የጋሼ ወርቁ ባለቤት። ሌላ ነፊ ስለሌላቸው የሚስታቸውን ሞት ራሳቸው ለፈፉ።

ከእኛ ሰፈር የተነሳ ሰው የለም።

የእትዬ ብዙነሽ ታናሽ እህት የእኛ እድር አባል ናት። መንገዱን ብቻዋን ተሻገረች።

እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አየኋት። ማዶ ድንኳኑ በግማሽ ባዶ ነበር።

ከዚያ ቆንጅት ተኮሳት። ወባ ነው። ሦስት ቀን አልሞላም... በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ጭን ላይ አረፈች።

የእድራችን ሰዎች መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሚነፋ የለም።

"ቢኖርም ለሕፃን አይነፋም። ደንቡ ነው" አሉ ጋሼ ገሠሠ።

ያኔ ነው የቆርቆሮውን ድምፅ የሰማነው።

ጋሼ ወርቁ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መንገዱን ተሻግረው ታች ሰፈር መሃል ቆሙ።

"ቆንጅት ታከለ አርፋለች... ቆንጅት ታከለ..."

"ወርቁ፣ ለሕፃን እኮ አይነፋም" አሏቸው ጋሼ ገሠሠ።

"እሱ የእናንተ ደንብ ነው። እኔ የላይ ሰፈር ሰው ነኝ።"

ከኋላቸው ላይ ሰፈር በሙሉ መጣ። አካፋ ይዞ፣ ውሃ ይዞ። ጉድጓዱን የጀመሩት ጋሼ ወርቁ ናቸው።

እውነቱን ልናገር... ያን ሰዓት እንኳ ሌባ ናቸው ብዬ አምን ነበር። ሌባ ሆነው ለምን መጡ እያልኩ ነበር የማስበው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ዶሮዋ ከጓዳ ወጣች። ዘጠኝ ጫጩት ይከተላታል።

ብርሃኔ ቅርጫቱን ልታጸዳ ገባች። ቆየች።

"ታከለ... ና እስቲ።"

ከጭዱ ሥር፣ ካልተፈለፈሉት ሁለት እንቁላሎች አጠገብ... ናሱ ያበራል።

የታቀፈች ዶሮ አትነካም ብለን ሃያ አንድ ቀን ያልፈተሽነው እሱን ቅርጫት ብቻ ነበር።

ልጄ መደቡ ላይ ወጥታ አውርዳ ዶሮዋ ሥር አስገብታው ነው። ዶሮ የታቀፈችው እንደሚፈለፈል እናቷ ነግራታለች። ትንሹ ሲወለድ ያንቺ ነው ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጥሩምባውን ሳልወለውል ይዤ ላይ ሰፈር ሄድኩ። ጋሼ ወርቁ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጭዱን ከጥሩምባው አፍ ላይ በጣታቸው አነሱ።

"ወለደላት?" አሉኝ።

"አልወለደላትም ጋሼ።"

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሰውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ጓዳ ፈትሹ... ከአፋችሁ የወጣውንም አስታውሱ። የጠፋ ዕቃ ይገኛል። ያልቆማችሁበት ቀብር ግን አይመለስም።

እናንተ በጋሼ ወርቁ ቦታ ብትሆኑ... ሚስታችሁን ሊቀብር ላልመጣ ሰው ልጅ ጥሩምባ ትነፉ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ።

እኔ ያን ዕለት በመጨረሻ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

መንገዱን ተሻግሬ ተመለስኩና ታች ሰፈር መሃል ቆምኩ። ነፋሁ።

"የጋሼ ወርቁ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ አርፈዋል" አልኩ።

ጋሼ ገሠሠ ከበራቸው ወጡ።

"ታከለ፣ እሷ ከሞተች እኮ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።"

"አዎ ጋሼ... እኛ ግን አልሰማንም።"

ደግሜ ነፋሁ።