ለጥጉ ክፍል የተገዛ ሰሌዳ

ኃይለኢየሱስ ወደ ዘሥላሴ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ወዲያው አወቀው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቀው ጥቂት ነው። ባለፈው ክረምት ከሚያከራያቸው ክፍሎች በአንዱ ሁለት ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል። ገላቸው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ፖሊስ ጠይቆ ለቀቀው፤ የከተማው ወሬ ግን አልለቀቀውም።

ዘሥላሴ ወሬውን የሚከታተልበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ልጁ ፋና በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ከመሸ ባጃጅ ስለማይገኝ ለፋብሪካው ቀረብ ያለ ቤት በደላላ ተከራየች። የግቢው ባለቤት ማን እንደሆነ የታወቀው ዕቃዋ ከገባ በኋላ ነው።

«ያለ ብየዳ የሚሠራው ሰሌዳ አለህ አሉኝ» አለ ሽማግሌው።

«ብሬድቦርድ ነው?»

«ስሙን እንጃ። ሽቦውን ቀዳዳው ውስጥ ትሰካለህ፣ ሲያሻህ ትነቅላለህ።»

ዘሥላሴ አንድ ነጭ ሰሌዳ አሳየው። ይህን የሚገዙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አምፖል የሚያበራ፣ ደወል የሚደውል ነገር እየሰካኩ ይጫወቱበታል። ጡረተኛ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነው።

«ሬዲዮ ስጠግን በብየዳ ነበር የምሠራው» አለ ኃይለኢየሱስ። «አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ርካሹን ስጠኝ፤ ኋላ ለክፍሎቹ ሁሉ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ግን የጥጉ ክፍል ላይ ልሞክረው።»

የጥጉ ክፍል የፋና ነው።

«ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ለቤት ነው።»

«ሌላስ የሚጨመር ዕቃ የለም?»

«ዋናው ዕቃ አለኝ» አለና የኮቱን የደረት ኪስ መታ መታ አደረገ። «ልጄ ከአዲስ አበባ ልኮልኛል። ባትሪ ብቻ ጨምርልኝ። መብራት ቢጠፋም፣ ሰው ቢተኛም መሥራት አለበት።» ወደ በሩ ዞር ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ለማንም እንዳታወራ ደግሞ። ተከራዮቼ ይሸሹብኛል።»

ዘሥላሴ አጎነበሰ። ከጠረጴዛው ሥር አዲሶቹ ሰሌዳዎች በካርቶን ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ተማሪዎች የመለሷቸው አሮጌዎች አሉ። አሮጌ ሰሌዳ ክፉ ጠባይ አለው። በየቀዳዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ቆንጣጭ ብረት ይላላል። ሲሰኩበት ይይዛል፣ ሲሞክሩት ይሠራል፤ ብርድ ሲመታው ወይም በር ሲንገጫገጭ ግን ማንም ሳያይ ይለቃል።

አሮጌውን አወጣ። «ከዚህ የሚረክስ የለም።»

«ይቆያል?»

«እርስዎ ካልነኩት ዕድሜ ልክ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ! የዛሬ ነጋዴ እንዲህ ለሽማግሌ አያዝንም።»

ዘሥላሴ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ አስቦ ነበር። ግን ምን ይላል? ሰውየው ሰሌዳና ባትሪ ገዛ? በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሽቦና ባትሪ የሸጠው ነው። ደግሞም እሱ አሮጌውን ሰሌዳ በመስጠት የበኩሉን ጨርሷል። ሰውየው የሚሠራው ምንም ይሁን ምን በሰዓቱ አይሠራም።

እሑድ ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ግማሽ ከረጢት ከሰልና ጥቅል ስፖንጅ ይዞ ልጁ ዘንድ ሄደ።

«አባዬ፣ ስፖንጁ ምንድን ነው? ልታሽገኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ከአልጋዋ በላይ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ተሰቅላለች። በጎኗ ቀዳዳ በኩል የራሱ ነጭ ሰሌዳ ታየው።

«ጋሼ ኃይለኢየሱስ ናቸው የሰቀሉት» አለች። «የመብራት ነገር ነው አሉኝ። ልንቀለው?»

«እንዳትነኪው! ከነቀልሽው ሌላ ይገዛል። ይኼኛው አይሠራም።»

«ምኑ ነው የማይሠራው?»

«ተዪው አልኩሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ታገሺኝ፤ ሌላ ቤት እፈልግልሻለሁ።» ቀና ሲል ከበሩ በላይ ቡጢ የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ አየ። «ይኼስ?»

«እሳቸው ናቸው የበሱት። ቤቱን ማቀዝቀዣ አደረጉት።»

ዘሥላሴ ወንበር ላይ ወጣ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ደፈነ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ዙሪያ፣ በመጨረሻ የበሩን ሥር። ከውጭ ዓይንም ሆነ ሌላ ነገር የሚያስገባ ስንጥቅ አልተወም።

«አሁን እንኳ ይሞቃል» አለች ፋና ብርድ ልብሱን እየተከናነበች።

ሲወጣ ኃይለኢየሱስ ግቢው መሐል ቆሞ አገኘው።

«የልጅቷ አባት አንተ ነህ እንዴ!»

«አዎ፤ አባቷ ነኝ» አለ ዘሥላሴ ጮክ ብሎ። ሰው እንዳላት ይወቅ።

«እንግዲያው አታስብ። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ እሷ ክፍል ላይ ነው።»

ዘሥላሴ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየዞረ አየው። ሽማግሌው ከቆመበት አልተነቃነቀም።

በዚያ ሳምንት ውርጭ ወረደ። ረቡዕ ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት የፋና የሥራ ባልደረባ ስልክ ደወለች፤ ፋና ለፈረቃዋ አልመጣችም፣ ስልኳም አይነሳም።

ሲደርስ በሩ ተሰብሯል። ሰዎቹ ልጁን በራሱ ብርድ ልብስ ሸፍነዋታል። ገላዋ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ማንደጃው ላይ አመድ አለ። ኃይለኢየሱስ ሣጥኗን እንደታቀፈ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ዘሥላሴ አንገቱን አነቀው፤ አንቱታውንም ረሳው።

«ምን አደረግሃት? ንገረኝ! ይኼ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አልታገለውም፤ ሣጥኗን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃት።

«የከሰሉ ጭስ ሲያፍናት እንዲጮህ ነበር የሰቀልኩላት፤ ስሞክረው ጮኾ ነበር፤ ምን ሆኖ ዝም አለ?»