ከማሽላው ጆንያ ጀርባ

ዓሊማ ልጇ ልትጠፋባት እንደሆነ ካወቀች ሰንብታለች። ማንም አልነገራትም። የቆቦ እናት ለዚህ ነጋሪ አያስፈልጋትም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በድንገት ዝም ካለ፣ ምግብ ከዘጋውና ስልክ ይዞ ጓሮ ለጓሮ መዞር ከጀመረ ልቡ በረሃ ገብቷል ማለት ነው። አምና የጎረቤቷን ልጅ ሰልዋንም እንዲሁ ነው የጀመራት። ዛሬ ሰልዋ የት እንደደረሰች እናቷም አታውቅ።

ዓሊማ መንገዱን በእግሯ ታውቀዋለች። በወጣትነቷ የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግራ ጂዳ ገብታለች። እዚያ የሰው ቤት ስትጠርግና ስታጥብ ኖራ በመጨረሻ ፖሊሶች ይዘው በአውሮፕላን መለሷት። አብራት የወጣችው ፈሪሀ ግን ባሕሩንም አላየችው፤ በረሃው ላይ አሸዋ አልብሰዋት ነው ያለፉት። ወላሂ አንድ ልጄን ለዚያ መንገድ አልሰጥም ብላ ዓሊማ የማለችው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገና ልጅም አልነበራት።

አሁን ሽንኩርት እየቸረቸረች ያሳደገቻት ራዊያ አለች፤ የራዊያ መዳኛ ደግሞ አገር አቀፉ ፈተና ነው። በሌላው ትምህርት ጎበዝ ናት፤ እንግሊዝኛው ነው ጠላቷ። እሱን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከወደቀች ደላላው ሩቅ አይደለም።

መምህር ይሁኔን ያመጣላት አላህ ነው፤ እሷ እንዲያ ነው የምትለው። የጎብዬ ልጅ ነው፣ ቆቦ ቤት ተከራይቶ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ እቤቷ እየመጣ ራዊያን ምንባብ ያስነብባታል፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ያሠራታል። ክፍያ አልቀበልም አለ። ዓሊማ ሽንኩርት በፌስታል ስትሞላለት ብቻ ፈገግ ብሎ «ደመወዝ ከገባ ሰንብቷል እትዬ ዓሊማ፤ ይኼማ አይጠላም» እያለ ይወስዳል። እንደ ታናሽ ወንድሟ ታየው ጀመር።

ስጋቷን ያዋየችውም እሱን ነው። ይሁኔ አሰብ አደረገና መላ አመጣ፤ ራዊያ እየሰማች ያን መንገድ አንድ ሳያስቀሩ ያውሩት፣ ትፍራ አላት። ዓሊማም አወራች። ራዊያ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ትሰማለች፣ ይሁኔ ይጠይቃል። ውሃ የሚገኘው የት ላይ ነው? የሚኬደው በቀን ነው በማታ? ጀልባው ላይ የሚሳፈሩት እንዴት ነው? «ውሃ ስጡኝ» በዓረብኛ ምን እንደሚባል ሳይቀር ጠየቃት፤ የቋንቋ ሰው ነዋ፣ ቃል ይወዳል። ዓሊማ ሁሉንም ነገረችው። በዚህ ዘመን ለሰው ልጅ እንዲህ የሚጨነቅ ከየት ይገኛል ብላ መረቀችው።

ትምህርቱ ውስጥም ሳይቀር ነገሩን ያስገባው ነበር። አንድ ቀን «አገሩ ላይ መኖር ቢችል ኖሮ ባልተሰደደ ነበር» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልስ ሰጣት። ራዊያ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ይሁኔም አላስቸኮላት። እሱ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ተነሣች።

«እማየ፣ ሁለተኛ ያን መንገድ እንዳታወሪ።»

«ምነው፣ ፈራሽ?»

ራዊያ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ዓሊማ መድኃኒቱ ሠራ ብላ ሐምዱሊላህ አለች።

የት ሠርቶ! ፈተናው ሲቃረብ ጫማውን አገኘችው። ከማሽላው ጆንያ ጀርባ፣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ አዲስ የሸራ ጫማ። ዓሊማ ጫማውን እንደያዘች እዚያው ቁጭ አለች። ይህን ዓይነቱን ጫማ ታውቀዋለች፤ ተማሪ ቤት ሊሄዱበት አይገዛም። ራዊያ እስክትመለስ አልጠበቀችም። በሻርፗ ሥር ሸሽጋ ወደ ይሁኔ ቤት ከነፈች።

ይሁኔ ጫማውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። መጻሕፍቱን ለራዊያ ከሰጣት ወዲህ ክፍሉ ባዶ ባዶ ይላል። ዓሊማ እንባዋን እየጠረገች የት እንዳገኘችው ነገረችው፤ ከዚያ ድንገት ትንሽ ተስፋ ሽው አለባት።

«ለሷኮ ሰፊ ነው። የወንድ ይመስላል።»

«በረሃ ላይ እግር ያብጣል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለ ይሁኔ። «ሰፋ ያለ ነው የሚገዛው።»

እውነቱን ነው። የሷም እግር አብጦ ጫማዋን በምላጭ ቀድዳ ነበር የሄደችው። ተስፋዋ ተመልሳ ጠፋች።

«እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለ ይሁኔ መሬት መሬት እያየ። «ለራዊያ ምንም እንዳይነግሯት። ከፈተናዋ ትረበሻለች።»

ዓሊማ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት።

በማግሥቱ ራዊያ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ዓሊማ ደረሰችባት። ምን ጠፋብሽ ስትላት ምንም አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ዓሊማ በሆዷ፣ ፈልጊ፣ ታገኚዋለሽ አለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከቤት ስትወጣም ስትገባም ከሥሯ አልጠፋችም።

ተፈታኞቹ ወደ ወልድያ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። አውቶቡሶቹ ተደርድረዋል፣ ወላጅ ሁሉ ወጥቷል። መጥቼ እሸኛችኋለሁ ያለው ይሁኔ ብቻ አልመጣም፤ ስልኩም ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ራዊያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዓይኗ ከሕዝቡ መሀል ሰው ይፈልጋል። ደላላዋን ነው፣ አለች ዓሊማ በሆዷ። ይፈልግ እንግዲህ። ልጅቷ ከፈተና ግቢ ገብታ በር ሊዘጋባት ነው፤ ማንም አያገኛትም። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቧ ረጋ። አሁን ብትናገርም ምንም የሚመጣ የለም።

«ጫማውን አትፈልጊው» አለች ወደ መስኮቱ ተጠግታ። «ወስጄ ለመምህር ይሁኔ ሰጥቼዋለሁ። አሁን አርፈሽ ተፈተኚ።»

«እማየ» አለች ራዊያ፣ «እንዳይሄድ ብዬ ከቤቱ አንሥቼ የደበቅሁበትን ጫማ አንቺው ወስደሽ ሰጠሽው?»