ለኋለኛው ንገሩት

አዳራሹ ለስድስት ዓመት «አይሆንም» ሲላት ኖሮ በሰባተኛው «እሺ» አላት። የአዳራሹን ዓመታዊ በዓል በመዝሙር ሊከፍት የነበረው የሌላ ትምህርት ቤት የልጆች ቡድን በጉንፋን አልጋ ላይ ስለዋለ ነው። የመዝሙር አስተማሪዋ በሰው ጉንፋን ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም።

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ግን በስልክ ቁርጡን ነግሯታል። «አንድ መዝሙር ታቀርባላችሁ። ካማረ በየዓመቱ ትመጣላችሁ። ካላማረ ሌላ ደብዳቤ እንዳይጽፉልኝ።»

የሚያሰጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጡሩምባ።

ጡሩምባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ሃያ ዘጠኙ ልጆች በዜማው ወደ ላይ ሲወጡ እሱ ይወርዳል፣ ሲወርዱ ይወጣል፤ ያውም ባለ በሌለ ኃይሉ። ልቡ ግን ወርቅ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም። እቤት ትታው እንዳትመጣ ደግሞ ወደ አዳራሹ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ የሚነዳው አባቱ ነው።

«የእኔ ጎረምሳ እንዴት ነው ቲቸር?» አላት ሾፌሩ፣ ገና ከከተማ ሳይወጡ።

«ድምፁ ይሰማል፣ ጋሼ» አለች።

«በእኔ ወጥቶ ነዋ!» አለና ደስ ብሎት ክላክሱን አንዴ አስጮኸው።

መንገዱ ሲጋመስ መላ መጣላት። ልጁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ መተላለፊያው በልብስ ሻንጣ ተጨናንቋል። ጮክ ብላ እንዳትናገር አባትየው አጠገቧ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ልትነግረውም አንጀቷ አልቻለም። ከጀርባዋ ወደተቀመጠችው ልጅ ዘወር ብላ ሹክ አለቻት።

«በጆሮ እያቀባበላችሁ ለኋለኛው ንገሩት፤ ‹ዛሬ አፍህን ብቻ ክፈት፣ ድምፅ አታውጣ፣ ቲቸር ናት ያለችው› በሉት።»

ልጅቱ ደረቷን ነፍታ ዞረች። እነዚህ ልጆች የተባሉትን ሳያጎድሉ በመፈጸም የታወቁ ናቸው። አስተማሪዋ ከዜማ በፊት ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነው።

በሾፌሩ መስታወት ትከታተል ጀመር። ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር እየተሻገረ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ፊቱ ቅጭም አለ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለነበር አልፈረደችበትም። በመጨረሻ ጡሩምባ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ድምፁ ሳይሰማ ታያት።

«አዬ ልጄን! ከአሁኑ መለማመድ ጀመረ» አለች በልቧ። እፎይም አለች።

ሲደርሱ ልጆቹ ኮሽታ ሳያሰሙ ወረዱ። እንዲህ ጨዋ ሆነው አይታቸው አታውቅም። እንዲያውም አንዷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አይዟችሁ፤ አዳራሽ የሚያስፈራው እስኪገቡበት ነው» አለቻቸው።

እየተንጠራራ የወረደው ጡሩምባ ብቻ ፈገግ ብሏል። ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«አደራህን።»

«አያስቡ ቲቸር! አላሳፍርዎትም።»

ዕንባዋ መጣ። ከበዓሉ በኋላ ለብቻው አስቀምጣ ልታስተምረው ለራሷ ቃል ገባች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ጥግ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ በሩ አጠገብ በእግሩ ጣቶች ቆሞ አንገቱን አስግጓል። ልጆቹ በሦስት ረድፍ ተሰለፉ፤ መብራቱ በራባቸው። አስተማሪዋ እጇን አነሳች፣ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች፣ እጇን አወረደች።

ሃያ ዘጠኙ ልጆች እንደታዘዙት አፋቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ድምፅ ያወጣው ጡሩምባ ብቻ ነበር።