መፍቻ ያልነካው ሞተር

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ደባርቅ ውስጥ ነው።

የደባርቁ ዘከሪያና የዳባቱ ያርጋል ሁለቱም በላንድክሩዘር ፒክአፕ የአዲ አርቃይን መስመር የሚሠሩ ጭነት አመላላሾች ነበሩ፤ ለሁለቱ የሚበቃ ጭነት ግን አልነበረም። ስድብ ተለዋወጡ፤ ከስድብ አልፈው በምስክር ፊት ተወራረዱ። ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን አሮጌ መንገድ ቀድሞ የወጣ መስመሩን ይወስዳል፤ የተሸነፈው ዳግመኛ ወደዚያ ቁልቁለት ጎማ አያዞርም።

ያርጋል ሞተሩን አስከፍቶ፣ ፒስተኑንና የፒስተኑን ክንድ፣ ቢዬላውን፣ በጠንካራ አስለውጦ፣ ጉልበት እንዲጨምር አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ አስገጠመ። ዘከሪያም ቱርቦ ገዛ። ሞተሩን ግን ማንም እንዲከፍትበት አልፈለገም። በአገሩ መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሞተሩ ተከፍቷል?» ተብሎ ነው። ገዢው ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ክዳን፣ የቴስታታውን፣ ብሎኖች ይመረምራል፤ የፋብሪካው ቀለም ካልተጫረ መኪናው ክብር አለው። የዘከሪያ ሞተር መፍቻ ነክቶት አያውቅም፤ እሱም ልጁን እንደሚድር አባት ይኮራበት ነበር።

ቱርቦውን የሚገጥመው ታናሽ ወንድሙ አብዱሰመድ ነበር፤ በአባታቸው ግቢ ጋራዥ ያለው ሜካኒክ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተበጀ ነው» አለው። «አየር ብታጭቅበት ፒስተኑ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ቀጥ ካለ ፍሬኑም መሪውም ድንጋይ ይሆንብሃል፤ ከበታችህ ደግሞ ገደል ነው። ልክፈተውና ላጠንክረው።»

«ጃፓን የዘጋውን አንተ ልትከፍት?»

«ያርጋል ከፍቶ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው ሂድና ለያርጋል ተቀጠር!»

«ብቀጠርለትማ መስመሩን ገና ድሮ አስረክበኸው ነበር።»

ጎረቤት ሳቀ። ዘከሪያ ደሙ ፈላ፤ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ማለ። «ወላሂ፣ የተከፈተ ሞተር መሆኑን እያወቅሁ ሊማሊሞን ብወጣበት፣ ረህማ በሦስት ትፈታ!»

ረህማ ሚስቱ ናት፤ በሦስት የተፈታች ሚስት ደግሞ እንደ ዋዛ አትመለስም። በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣች ሰማችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ ሞተር ስለ መክፈት ቃል የተነፈሰ የለም።

ውድድሩ ሲቃረብ ዘከሪያ አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ እዚያው ሰነበተ። ሲመለስ መናኸሪያው ላይ አንድ ሹፌር ተጠጋው። «ወንድምህን ዳባት ላይ አየሁት፤ ከያርጋል ሜካኒክ እጅ ከባድ ካርቶን ሲቀበል።»

ዘከሪያ እቤት እንደ ደረሰ ኮፈኑን ከፈተ። ቱርቦው ተገጥሟል። ጣቱን በቴስታታው ብሎኖች ላይ አሳለፈ። ቀለሙ አልተጫረም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ያማረ ነበር። ጠጋ ብሎ አሸተተው። የአዲስ ቀለም ሽታው ገና አልለቀቀም።

አጎታቸው ሐጂ ሙሐመድአወል ሁለቱንም ሱቃቸው ውስጥ አስቀመጧቸው።

«ሐጂ፣ ይህ ሰው በቁሜ ሸጦኛል!» አለ ዘከሪያ። «ሞተሬን ፈልቅቆ ገደል ሊከተኝ ነው። ያርጋል ገዝቶታል።»

«አብዱሰመድ፣» አሉ ሐጂ፣ «አልከፈትሁም ብለህ ማልና ነገሩ እዚሁ ይብቃ።»

አብዱሰመድ መሬት መሬት ያይ ነበር። «አልምልም፣ አባባ ሐጂ።»

«ታዲያ ከፍቻለሁ በላ!» አለ ዘከሪያ።

«እሱንም አልል።»

«ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ምንም አትጠይቀኝ፤ ዝም ብለህ ንዳው። ከፈለግህ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

«አዎን፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዘለህ ልትወርድ!»

ሐጂ ዐይናቸውን ከልጁ ላይ አነሡ። እንዲምል ተጠይቆ እምቢ ያለ ሰው በእነሱ ዘንድ ፍርዱን በራሱ ላይ ፈርዷል። አብዱሰመድ በዚያው ዕለት ከአባቱ ግቢ ወጣ። ረህማ ስንቅ ልትቋጥርለት ብትነሣ ባሏ ከእጇ ነጠቃት።

ዘከሪያ ሞተሩን አስወርዶ ለአንድ የደረስጌ ባለ ወፍጮ ሸጠው። ከጎንደር ተመሳሳይ ሞተር አስመጣ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በባትሪ መረመረ፤ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ነበር። ቱርቦውን ሌላ ሜካኒክ በዚያ ላይ ገጠመለት።

በውድድሩ ቀን ከዛሪማ የቀደመው እሱ ነው። እኩሌታውን እስኪያልፍ ድረስ በመስታወቱ የሚያየው አቧራ ብቻ ነበር። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር የደረቀ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ጭስ መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ቢረግጠው አልታዘዘም። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር መሪውን እንደ ምንም ታግሎ ከተራራው ጎን አላተመው። ያርጋል ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈው።

የዘከሪያ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። መስመሩም ሄደ። ሆስፒታል ተኝቶ ለጠያቂው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቱርቦዬንም አስቀድሞ መርዞት ኖሯል።» አብዱሰመድ ሊጠይቀው ቢመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረበት። ከሦስት ዓመት በኋላ አብዱሰመድ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ለቀብሩ ረህማ ሄደች እንጂ ዘከሪያ አልሄደም።

በ2017 ዓ.ም. የደረስጌው ባለ ወፍጮ ገብረ ሚካኤል ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስከፍቶ፣ እንዲያ ያለ ዕቃ ከየት እንደሚገዛ ሊጠይቅ ዘከሪያ ዘንድ መጣ፤ ስድስቱም ፒስተኖች የፋብሪካው ሳይሆኑ የቱርቦን ግፊት እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ አንዱም አልተሰነጠቀም።